ሃያ ሺህ ቀይ ክር

ሚስተር ታገርት የቡናውን ዋጋ ከአምስት ወደ አስር ሳንቲም ከፍ ያደረገ ዕለት፣ ከመድኃኒቱ ጎን ቡናም የሚቀዳበት መድኃኒት ቤቱ በጩኸት ተሞላ። ብራዚል ውስጥ ውርጭ ቡናውን ፈጀው እያለ ሬዲዮው ሳምንቱን ሙሉ ሲለፍፍ ሁሉም ሰምቷል፤ ጋዜጣውም ጽፏል። መስማት ግን ሌላ፣ ከኪስ ማውጣት ሌላ! ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ ኦቲስ ብሩም ባንኮኒው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበባት።

«አስር ሳንቲም? ታገርት፣ ከነስኒው ነው እንዴ የምትሸጠው?»

«ካልፈለግክ ውሃ በነፃ ነው» አለ ታገርት ከመድኃኒት መደርደሪያው ጀርባ ሆኖ።

«ዳቦ አስራ ሰባት ሳንቲም፣ ሲጋራ ሃያ ሦስት፣ አሁን ደግሞ ቡና! ሳይወደድ የቀረ ሞት ብቻ ነው።»

«እሱስ ቢሆን! ሣጥን ስንት እንደገባ አልጠየቅክም መሰለኝ።»

ቬርና ሃስኬት እየሳቀች ቀዳችለት። ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ ባንኮኒ ቡና ስትቀዳ የሰውን ሁሉ ጠባይ አውቃዋለች፤ ኦቲስ እስኪጠግብ ተነጫንጮ እንደሚከፍል ታውቃለች። ከፈለ። ከዚያ ከሸሚዝ ኪሱ አንዲት የታጠፈች ፖስታ አወጣና በመዳፏ አስጨበጣት።

«ለወንድምሽ። ሠላሳ አንድ ናቸው። ቁጠሪያቸው፣ ነገ ኦቲስ አጭበረበረኝ እንዳትይ» አላት።

በፖስታዋ ውስጥ የነበረው ቀጫጭን ቀይ ክር ነው፤ የሲጋራ ፓኮ ሲከፈት ላስቲኩን ለመቅደድ የሚሳበው ያ ክር። ሌላው ሰው መሬት ላይ የሚጥለው፣ በኬለርስበርግ ከተማ ግን ከገና በኋላ ማንም የማይጥለው። ሃያ ሺህ ክር የሰበሰበ ሰው ለሲጋራው ኩባንያ ልኮ የዓይነ ስውር መሪ ውሻ ይቀበላል፤ የሠለጠነ፣ መንገድ የሚያሻግር፣ መኪና ሲመጣ የሚቆም ውሻ። ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከየት ሰማችሁ ቢባል ግን እንጃ! የቬርና ጎረቤት የሚስስ ዱቻክ የእህት ልጅ ዊሊንግ ከተማ ውስጥ ለአንድ ሰው ውሻ እንደተሰጠው ሰምታለች። የሥጋ ሻጩ አማች አክሮን ውስጥ ሌላ ሰው ያውቃል፤ ማለትም የሚያውቅ ሰው ያውቃል። በቃ፣ ከዚህ በላይ ማስረጃ ማን ይፈልጋል? ነገ እሑድ ነው ሲባል ሄዶ የሚያጣራ አለ?

የቬርና ወንድም ዴልበርት ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ብርጭቆ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት እቶኑ ሲፈነዳ ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ። የመጀመሪያውን ወር ጓደኞቹ ቤቱን አጣበቡት። በሁለተኛው ወር ሁለት ሰው መጣ። በሦስተኛው ወር የመጣው ፖስተኛው ብቻ ነበር፤ እሱም ደብዳቤ ሊያደርስ። ዴልበርት ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮው ሥር ተጎልቶ ይውላል። ድራማውን፣ የሳሙናውን ማስታወቂያ፣ የዋሽንግተኑን ክርክር አንዱን ከሌላው ሳይለይ ይሰማል። ቬርና ከሥራ ስትመለስ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ስትለው «ሳሙና ረክሷል» ይላታል።

ታዲያ በጥር ወር ተስፋ የሚባል ነገር ብቅ አለ። በፍርድ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ያለችው የጋዜጣና የከረሜላ ሱቅ በሕግ የምትሰጠው ለዓይነ ስውር ነው። የያዟት ሽማግሌ ጉልበታቸው ስለከዳቸው በመስከረም መጨረሻ ሊለቁ ነው። ከዋናው ከተማ ከኮሎምበስ አንድ የመንግሥት ሹም መጥቶ ዴልበርትን አነጋገረውና ወደደው። ሒሳብ ፈተነው፤ በጣቱ ሳንቲም አስለየው። ሁሉንም አለፈ።

«አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ብቻህን መጥተህ ብቻህን መሄድ አለብህ። እህትህ እጅህን ይዛ የምታመላልስህ ከሆነ አይሆንም። እስከ ጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ ጊዜ አለህ» አለው ሰውየው።

ከቤታቸው እስከ ፍርድ ቤቱ ሰባት ጎዳና ነው። መሀል ላይ የባቡር ሐዲዱና ትልልቅ የጭነት መኪና የሚበርበት አውራ መንገድ አለ። ዴልበርት በመጋቢት በነጭ በትሩ ሞከረ። አንድ መኪና በመስተዋቱ ትከሻውን ገጭቶ ቦይ ውስጥ ጣለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከበረንዳው ደረጃ ወርዶ አያውቅም። ስለዚህ ውሻው ለሃስኬቶች ጌጥ አልነበረም፤ ውሻው ሱቂቱ ነው፣ ሱቂቱ ደግሞ ሰው መሆን ናት። በአውራጃው ውስጥ ለዓይነ ስውር ከዚህ ሌላ ሥራ የለማ!

ከተማው ተነሣ። ምን አለፋችሁ፣ አጫሹ አጨሰ፤ የማያጨሰው ጀመረ። ስድሳ ሦስት ዓመት የሆናቸው፣ ባላቸውን ከነሲጋራው ውጭ ያሳድሩ የነበሩት ሚስስ ዱቻክ እንኳ «ለጽድቅ ነው» ብለው በቀን ግማሽ ፓኮ ያዙ። ማታ ማታ ሳላቸው በግድግዳው በኩል ለቬርና ይሰማታል። ዘፈን ማጫወቻው ያለበት የፒት ቡና ቤት ክር የሚጠራቀምበት ማሰሮ አስቀመጠ። የፋብሪካው ልጆችም ቅዳሜ ቅዳሜ ክራቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ መቼም ሰጥቶ መሮጥ ነውር ነውና በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። የቤዝቦል ቡድናቸውን ክሊቭላንዶችን በዚያ ዓመት ማን ችሏቸው! ጨዋታውን በሬዲዮ አብረው እየሰሙ ይጮኻሉ፣ ይሳደባሉ። ዴልበርትም እንደ ድሮው ይሳደባል። ቬርና ወጥ ቤት ቆማ ድምፁን ታዳምጣለች።

ቆጣሪው እሱ ራሱ ነው። በጣቱ መቶ መቶውን እየለየ በስፌት ክር ያስርና በጫማ ካርቶን ይደረድራል። ቤት ውስጥ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ግራ እጁን ዝቅ አድርጎ ይሄድ ጀመር።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለችው።

«ውሻው እዚህ ጋ ነው የሚሆነው። እየለመድኩት ነዋ።»

«ሳይመጣ?»

«ሲመጣ ማፈር አልፈልግም፣ ቬርኒ።»

በዚህ ሁሉ ወራት ውስጥ አንድም ሰው፣ አንድም ሰው ስላችሁ፣ ለኩባንያው ጽፎ አልጠየቀም። የሦስት ሳንቲም ቴምብር እኮ ነው! ቬርና ራሷ አልጠየቀችም። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ እሷን ግን መውቀስ አልችልም። የሚበላ ያጣ ሰው እጁ ላይ የወደቀለትን ዳቦ ማን ጋገረው ብሎ አይጠይቅም።

በመስከረም አጋማሽ፣ በአንድ እሑድ፣ ሃያ ሺህ ሞላ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሲጋራው ሻጭ ሚስተር ሊንድ እንደ ልማዱ መደርደሪያውን ሊሞላ መድኃኒት ቤት ገባ። በዚህ ክረምት የተመደበ አዲስ ሰው ነው፤ ትሑት፣ የገለባ ባርኔጣ የሚያደርግ። ቬርና እጇን በሽርጧ ጠርጋ ጠበቀችው።

«ሚስተር ሊንድ፣ ዕቃችን ሞልቷል። በእርስዎ መኪና ይሄዳል ወይስ በፖስታ ልላከው?»

«የምኑ ዕቃ?»

«ክሩ ነዋ! የውሻው!»

ሰውየው የያዘውን ካርቶን መሬት አስቀመጠ። ፊቱ ሲለወጥ አየችው።

«ስንት ሰበሰቡ፣ እመቤቴ?»

«ሃያ ሺህ አንድ መቶ አርባ። ትርፉ ምናልባት በቆጠራ ብንሳሳት ብለን ነው።»

ሚስተር ሊንድ የባንኮኒው ወንበር ላይ ተቀመጠ። «እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለ ቀስ ብሎ። «ኖሮም አያውቅም። በየከተማው ይጠይቁኛል። አንዱ ጋ ውሻ ነው፣ አንዱ ጋ ተሽከርካሪ ወንበር። ኩባንያው የለም እያለ መልስ መጻፍ ሰልችቶታል።»

«ዊሊንግ ውስጥ ግን አንድ ሰው…»

«ሰውየውን አይተውታል?»

እጇን እንደገና በሽርጧ ጠረገች። ከጀርባዋ ኦቲስ ብሩም ስኒውን ይዞ ደርቆ ቀረ።

«መሪ ውሻ አሠልጥነው የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች አሉ» አለ ሻጩ። «መቶ ሃምሳ ዶላር ገደማ ያስከፍላሉ፤ እሱንም ብዙ ጊዜ የየከተማው ማኅበር ይከፍለዋል። ተራ ግን አለው። ዛሬ ቢጽፉ የዛሬ ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ።»

«በጥር ጽፈን ቢሆን ኖሮስ?»

ሚስተር ሊንድ ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አዟዟረው። «ይደርስልዎ ነበር ይሆናል፣ እመቤቴ» አለ።

ቢዋሻት ምን ነበረበት! ግን እውነተኛ ሰው ነው፤ እውነተኛ ሰው ደግሞ አንዳንዴ ይገድላል። ኦቲስ ብድግ ብሎ «የኔ ልጅ…» ሲላት እንደ መዓት ዞረችበት። «ትንፍሽ እንዳትል! መጀመሪያ እኔ ነኝ የምነግረው» አለችው። ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወጣች። እስከ ቤት ድረስ ስትሄድ አላለቀሰችም። ተናደደች፤ በራሷ ተናደደች፣ በሚስስ ዱቻክ የእህት ልጅ ተናደደች፣ መንገድ ዳር ቆሞ በሚያጨሰው ሰው ሁሉ ተናደደች። ስምንት ወር! አንድ ደብዳቤ!

ዴልበርት በረንዳው ላይ ሬዲዮ ይሰማል። እርምጃዋን ለይቶ «ዛሬ በጊዜ መጣሽ፤ ሰውየው ወሰደልሽ?» አላት።

ጎኑ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረችው። አላሳጠረችም፣ አላለሰለሰችም። የትምህርት ቤቱን ጉዳይ፣ በጥር ወር ጽፈው ቢሆን ኖሮ ሊደርስ ይችል እንደነበርም ነገረችው። ሬዲዮውን አጠፋው። ጉልበቱ አጠገብ ዝቅ ብላ የነበረችው ግራ እጁ ቀስ ብላ ወጥታ ጭኑ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬውኑ ለትምህርት ቤቱ እጽፋለሁ» አለችው።

«ጻፊ። ግን ሱቂቱ የዛሬ ሁለት ሳምንት ለሌላ ትሰጣለች፤ ያም ሰው ሃያ ዓመት ይይዛታል። የዛሬ ዓመት ውሻው ይዞኝ የት ይሄዳል?»

እንግዲህ ለሁለቱም መኖሪያ የእሷ ደመወዝ ነው የቀረው፤ እሱና ይህ በረንዳ፣ እሱና ሳሙናው።

«ለሰዉም መንገር አለብን። ኦቲስ ሰምቷል። ሌላው በከንቱ እንዳይለፋ…»

እጇን ፈልጎ ያዛት፤ አጥብቆ፣ እስኪያማት። «አትንገሪ። ኦቲስንም ለምኚልኝ።»

«ለምን? እያታለልናቸው?»

«ክር ካልያዙ ማን ይመጣል፣ ቬርኒ? ንገሪኛ! አንድ ሰው ጥሪልኝ።»

አልጠራችም። የምትጠራው ስም ፈልጋ አጣች፤ እሱም ማጣቷን አወቀ። እንዲህ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ከደረጃው ሥር ሳል ተሰማ። ሚስስ ዱቻክ የወረቀት ከረጢታቸውን አንጠልጥለው እያለከለኩ ወጡ።

«እንግዲህ ሞላ አይደለም እንዴ፣ ልጆቼ? ዛሬ ነው ሻጩ የሚመጣው ብለሽኝ ነበር። መቼ አሉ ታዲያ? ውሻው መቼ ይመጣል?»

ቬርና አፏን ከፈተች። ዴልበርት ቀደማት።

«ኩባንያው ወደ አርባ ሺህ አሳደገው፣ ሚስስ ዱቻክ።»

«አርባ ሺህ!» ደረታቸውን ደቁ። «እንዴት ያሉ ጨካኞች ናቸው! ግማሹን ጨርሰናል ማለት ነዋ። አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ልጅ፣ እኔ አለሁልህ። ከዛሬ ጀምሮ ሙሉ ፓኮ አደርገዋለሁ።»

ወንበር ሳቡና ከሹራባቸው ኪስ አዲስ ፓኮ አወጡ። ቀዩን ክር ስበው በዴልበርት መዳፍ ላይ አስቀመጡለት፤ ከዚያ ሲጋራቸውን ለኩሰው እየሳሉ የዛሬውን ጨዋታ ውጤት ጠየቁት።

«ገና አላለቀም» አላቸውና ሬዲዮውን መልሶ ከፈተላቸው።