የባሕር ማዶ ጭቃ

እምዬ የሚፈሩት ነገር ብዙ ነው። ክዳን የሌለው ጉድጓድ ይፈራሉ፣ ያልታሰረ ውሻ ይፈራሉ፣ እርጥብ ደረጃ ይፈራሉ፣ ቆሞ ውሃ የሚጠጣ ሰው ሲያዩም ትን ይለዋል ብለው ልባቸው ይቆማል። ከሁሉም የሚብስባቸው ግን ሞተር ሳይክል ነው። «ሰው ካልደገፈው ራሱን ችሎ የማይቆም ነገር፣ ሰውን ምን ብሎ ይሸከማል?» ይላሉ።

የልጅ ልጃቸው ባሕር ማዶ ለግዳጅ ሄዶ ሁለት ዓመት ሲቆይ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይናቸው አልዞረም። ከጨቅላነቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ድንቡሼ ብለው የጠሩትም እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ አስር አለቃ ሆኖ እንደ አጥር እንጨት ቢከሳም ስሙ አልለቀቀውም። እናም ሊመለስ ሲል ደውሎ «እምዬ፣ እዚህ የምነዳው ሞተር አለ፤ በመርከብ ጭኜዋለሁ» ያላቸው ዕለት ስልኩን ይዘው ቁጭ አሉ።

«ጥይቱን አመለጠልኝ ብዬ ሳመሰግን» አሉ ለጎረቤታቸው፣ «ሞቱን በገዛ ደሞዙ ሸምቶ ይምጣ?»

ጎረቤታቸው ጡረታ የወጡ የጉምሩክ አስተላላፊ ናቸው። ድንቡሼ በሰላም ገብቶ፣ ሞተሩም ከተማቸው ያለው ደረቅ ወደብ ደርሶ ፍተሻው ለነገ ሲቀጠር፣ እምዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ እሳቸው ብቅ አሉ።

«እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው» አሉ፤ «አንድ ሞተር ጉምሩክ ላይ የሚቀረው ምን ሲሆን ነው?»

ሰውዬው ከጡረታ ወዲህ ስለ ሥራቸው የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ወንበራቸውን አስጠግተው ጀመሩ። «ከግዳጅ የሚመለስ ወታደር የተገለገለበትን አንድ ተሽከርካሪ ያለ ቀረጥ ያስገባል። የተገለገለበትን ነው ያልኩት፣ እትዬ! አዲስ ከሆነ ግን ሸቀጥ ነው። ለንግድ ነው ይባልና ወደ መጣበት ይመለሳል።»

«አዲስ መሆኑ በምን ይታወቃል?»

«በዓይን ነዋ! ፈታሹ አንድ ጊዜ ዓይኑን ጣል ያደርጋል። ጭቃና ጥላሸት ካለው ያገለገለ ነው። ካብረቀረቀ አዲስ ነው።»

«ካብረቀረቀ» አሉ እምዬ ቀስ ብለው። አመስግነው ወጡ።

ማታ ድንቡሼ ራት ሲበላ ጠጋ አሉት። «ለመሆኑ ሞተርህ ንጹሕ ነው?»

«ኧረ ጭቃ በጭቃ ነው፣ እምዬ! ሆን ብዬ ነው ያላጠብኩት። ማስረጃዬ እኮ እሱ ነው።»

«ጭቃ እዚህ ጠፍቶ ነው ከባሕር ማዶ የምታስመጣው?» አሉና ጉርሻቸውን ዋጡ።

በማግስቱ «ብቻህን አትሄድም» ብለው ዘንቢል አንጠልጥለው ተከተሉት።

«ዘንቢሉ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ምሳ።»

ምሳስ አልነበረም። ሳሙና ነበር፣ ያረጀ ፎጣ ነበር፣ የጥርስ ብሩሽ ነበር፣ ጥቁር የጫማ ቀለምም ነበር።

የጉምሩኩ መጋዘን ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ስሚንቶ ነው። የጎማና የጨው ሽታ ይሸታል፤ ርግቦች በሳጥኖቹ መሃል ይንጎራደዳሉ። ሞተሩ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ቀይ ጭቃ ከጎማው እስከ መሪው ተለጥፎበት እውነትም የማሳ በሬ መስሏል። ድንቡሼ «እዚህች ሳጥን ላይ ተቀመጪ፤ ምንም እንዳትነኪ» ብሏቸው ተራ ሊይዝ ወደ መስኮቱ ሄደ።

ጀርባውን እንደ ሰጠ እምዬ ዘበኛውን ጠሩት። «ልጄ፣ ውሃ የት ይገኛል?»

«ሊጠጡ ነው፣ እማማ?»

«መጠጣቱስ ይቆየኝ።» እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ዘበኛው ደነገጠ። «ኧረ እማማ! ዕቃ መንካት ክልክል ነው!»

«ዕቃውን ማን ነካው? እኔ የምነካው ጭቃውን ነው። ጭቃ ቀረጥ አለው?»

ዘበኛው አሰበ፣ አሰበ። ስለ ጭቃ የተነገረው መመሪያ ትዝ ሊለው አልቻለም። ዝም ብሎ ከሚቆም ባልዲውን ራሱ ሞልቶ አመጣላቸው።

እምዬ ሞተሩን፣ ድንቡሼን በልጅነቱ ያጥቡት እንደነበረው አጠቡት፤ ከጆሮ ጀርባ ሳይቀር። የቤንዚን ታንከሩን በፎጣ፣ የጎማውን ሽቦ በጥርስ ብሩሽ ፈተጉት። ጭቃው ሲለቅ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ብቅ ይል ጀመር። የግራ እግር መርገጫው ላስቲክ እስከ ብረቱ ተበልቷል። ጭስ ማውጫው ላይ የቀለጠ የጫማ ሶል ተጣብቋል። በቀኝ በኩል ያለው የፍሬን እጀታ ጫፉ ቆልመም ብሏል፤ ከሱ በታች ደግሞ አስፋልት የላጠው ረጅም ጭረት አለ።

እጃቸው ቆመ። ወድቋል ማለት ነው!

አንድ ሰሞን «ጉንፋን ይዞኛል፣ ድምፄ ለዚያ ነው» እያለ ሲያቃስት የደወለላቸው ትዝ አላቸው። ከድንጋጤው ቀጥሎ እልህ መጣ። አሁንማ ይህ ነገር ከዚህ መጋዘን ንቅንቅ አይልም! ጭረቱን በጫማ ቀለም ሞልተው፣ ሶሉን በጥፍራቸው ቢፍቁት እምቢ ሲላቸው እሱንም በቀለም አጥቁረው፣ ሁሉንም በፎጣ ወለወሉት። ሞተሩ አበራ።

ድንቡሼ ከፈታሹ ጋር ሲመለስ እግሩ መሬት ላይ ተተከለ።

ፈታሹ አፏጨ። «አስር አለቃ፣ ሁለት ዓመት ተገለገልኩበት የምትለው ይሄን ነው? እኔ ለሠርጌ የተከራየሁት መኪና እንኳ እንዲህ አላበራም።»

«ጌታዬ፣ ቆጣሪውን ይዩልኝ።»

«ቆጣሪ! ያውም በማይል የሚቆጥር። ቆጣሪን በመሰርሰሪያ እያዞሩ የሚያስረጁ እንዳሉ የማናውቅ መሰለህ?»

«ቅድም ጭቃ ነበረበት።»

«ታዲያ ጭቃው የት ሄደ? ተሰልፎ ወጣ?»

ድንቡሼ ወደ እምዬ ዞረ። እስከ ክርናቸው ድረስ ርሰዋል፤ ጉንጫቸው ላይ የሳሙና አረፋ አለ። ገባው። ዘበኛው ርግቦቹን መቁጠር ጀመረ።

«ማን ነው ያጠበው?» አለ ፈታሹ።

«እኔ ነኝ» አለ ድንቡሼ። «እንዲያምር ብዬ ነው።»

«የደንብ ልብስ ለብሶ የሚነግድ በዝቷል፤ ይመለሳል። ነጋዴ መሆንህ ሳያንስ ደግሞ ውሸታም ነህ።»

እነሆ እምዬ አሸነፉ። ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። ነገር ግን የልጁ ጆሮ ቀላ፤ ትንሽ እያለ ያላጠፋውን አጥፍተሃል ሲባል እንደሚቀላው። እሳቸው ድንቡሼን ሲያሻቸው ውሸታም፣ ሲያሻቸው ደንቆሮ ይሉታል፤ ያሳደጉት ናቸዋ። ባዕድ ሲለው ግን ደማቸው ፈላ።

«ማን ነው ውሸታም?» አሉና ከሳጥኑ ተነሡ።

«እማማ፣ እርስዎ አይግቡበት።»

«ገብቼ ጨርሻለሁ! ያጠብኩት እኔ ነኝ። እንዲመለስልኝ ብዬ ነው ያጠብኩት። ና እዚህ፣ አንተ ልጅ፣ ጎንበስ በል!» ፎጣቸውን አነሡ። «ይሄን ላስቲክ ማን በላው፣ አይጥ? ከሕፃንነቱ ጀምሮ ግራ እግሩን ሳያንቀጠቅጥ መቀመጥ አያውቅም፤ የቤቴን ወንበር እግር ሁሉ የጨረሰው እሱ ነው!» ቀለሙን ከጭስ ማውጫው ላይ ጠረጉት። «ይሄስ? ጫማው ነው የቀለጠው! እግሩ ቢሆንስ? ይሄን ደግሞ እየው፣ እጀታውን!» ጭረቱ ከጥቁሩ ቀለም ሥር ብቅ አለ። «ድንቡሼ፣ የቀኝ እጅጌህን ሰብስብ!»

«እምዬ፣ ሰው ፊት... ተይ እባክሽ!»

«ሰብስብ ብያለሁ!»

ሰበሰበ። ከክርኑ እስከ አንጓው የሚወርድ ጠባሳ አለ፤ ልክ እንደ ሞተሩ ጭረት።

«ጉንፋን ነው ያልከኝ ይሄ ነው?» ድምፃቸው ተሰበረ። «ክንድ ነው ጉንፋን የሚይዘው?»

ፈታሹ ጎንበስ ብሎ አንዴ ክንዱን፣ አንዴ ብረቱን አየ። ሳቁን ለመያዝ ታገለ፤ አልሆነለትም። «እማማ፣ በዚህ ሥራ ላይ ስንት ምስክር ሰምቻለሁ! ባለቤቱን እየከሰሰ ዕቃውን ነፃ ያወጣ ግን አይቼ አላውቅም። አስር አለቃ፣ ውሸታም ላልኩህ ይቅርታ። ሞተሩ ያንተ ነው።» ታንከሩ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገበት።

እምዬ ጠመኔውን አዩ። «ቆይ፣ ቆይ... ፈቀድክለት ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ኧረ ተው አንተ ልጅ! አዲስም ሊሆን ይችላል እኮ! ደህና አድርገህ እየው!»

«አይቻለሁ፣ እማማ። ብቻ ታርጋ እስኪያወጣ መንገድ ላይ መንዳት ክልክል ነው። እየገፋ ይውሰደው።»

የእምዬ ፊት ቀስ እያለ በራ።

እናም በጠራራ ፀሐይ፣ ድንቡሼ ያን ሁሉ ብረት እየገፋና ላቡን እየጠረገ፣ እምዬ ከፊት ከፊት ዘንቢላቸውን እያወዛወዙ ወደ ቤት አቀኑ። «ዞር በሉ፣ ሞተር ነው!» ይላሉ መንገደኛውን።

«እምዬ፣ ትንሽ አትቸኩዪ፤ ከበደኝ።»

«እንዲህ ከሆነማ ሞተር ክፋት የለውም። ሰው እያወራ ይሄዳል።» ትንሽ ሄዱና ዞር ሳይሉ ጠየቁት። «መውደቅህን ለምን ደበቅከኝ?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

«እመጣ ነበራ።»

«ባሕር ማዶ?»

«በዋና!»

ድንቡሼ ሳቀ፤ ሳቁ ጉልበቱን ስለ ጨረሰው ሞተሩን ግንብ አስደግፎ ቆመ። እምዬ በነጠላቸው ጫፍ ግንባሩን ጠረጉለት። ከዚያ እጅጌውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ያማል?»

«አሁንማ ድኗል።»

«እንደገና ብትወድቅ ለማን ነው የምትደውለው?»

«ላንቺ።»

«ጉንፋን ሳትል?»

«ጉንፋን ሳልል።»

እምዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘንቢላቸውን አንሥተው ጉዞ ሊጀምሩ ሲሉ፣ እንደ ዋዛ ጣል አደረጉለት።

«ነገ አንተ ዕረፍት አድርግ፤ ደክመሃል። የታርጋውን ነገር ለእኔ ተወው።»

ድንቡሼ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ደርቆ ቀረ። «እምዬ! ዘንቢሉን ስጪኝ!»

እሳቸው ግን መንገዱን እያስለቀቁ ርቀው ሄደዋል።