የምላጭ ሁለተኛ ዲግሪ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው ምላጭ ይላታል፤ እሷም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብላው ኖራለች። ሥራዋ ልጅ ይበደልበታል ተብሎ ጥቆማ የደረሰበትን ቤት አንኳኩቶ መግባት፣ አይቶ መውጣት፣ ከዚያ «ልጁ ከቤቱ ይነሳ» ወይም «ይቆይ» ብሎ ሪፖርት መጻፍ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ስትሠራ ከሪፖርቷ ላይ አንዲት ቃል የነካ አለቃ የለም። በባልደረቦቿ ሪፖርት ግን እሷ ያልሳቀችበት ቀን የለም። አንዱ እንደ ፍቅር ደብዳቤ እያሽሞነሞነ ይጽፋል፤ ሌላዋ ነጠላ ሰረዝ እንደ ጨው ትበትናለች፤ ሦስተኛው ጭራሽ ቤቱ ደጃፍ ሳይደርስ ከጎረቤት ሰምቶ ይመለሳል። «እኔ ባልኖር ይሄን መሥሪያ ቤት ምን ይውጠው ነበር?» ትላለች አፏን ሞልታ።

ጉድ የፈላው ከበላይ አንድ መመሪያ የወረደ ዕለት ነው። ከመጪው ዓመት ጀምሮ በማኅበራዊ ሥራ ሁለተኛ ዲግሪ የሌለው ወይም ለዚያ ተመዝግቦ መማር ያልጀመረ ሠራተኛ ቤት ይጎበኛል እንጂ ሪፖርት ላይ አይፈርምም ይላል። ምላጭ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። እሷ ደረጃ ለደረጃ ወጥታ ያየችውን ቤት፣ ትናንት ከትምህርት የወጣ አንድ ለጋ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሊፈርምበት ነው። ቆሽቷ አረረ። ያንገበገባት ደሞዙም ማዕረጉም አይደለም፤ ፊርማዋ ነው። ያለ ፊርማዋ እሷ ማን እንደሆነች አስባ አታውቅም፤ አሁንም ማሰብ አልፈለገችም።

እናም እየተጸየፈች ማመልከት ጀመረች።

የትምህርት ቤቶቹን ብሮሸሮች ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ሁሉም ላይ ያው ፎቶ ነው፤ ሦስት ወጣቶች ዛፍ ሥር ተቀምጠው አንድ መጽሐፍ እያዩ ይስቃሉ። «የማኅበራዊ ሥራ መጽሐፍ ያሳቀው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም» አለች። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ፎቶውን ጠጋ ብላ አየችና «ፀጉራቸው ግን ቆንጆ ተሠርቷል» አለቻት።

ትልቁና ስመ ጥሩው ዩኒቨርሲቲ አመልካቹ ሁሉ «ሕይወትዎን የለወጠውን ቀን» በሁለት ገጽ እንዲጽፍ ይጠይቃል። ምላጭ ከንፈሯን አጣመመች። ሕይወቱን የለወጠ ቀን ያለው ሰው ሁለት ገጽ ሊጽፍላቸው አይቀመጥም፤ የሌለው ደግሞ ይፈጥራል። እሷም ፈጠረች። አንድ እንባ፣ አንድ ጥርጣሬ፣ መጨረሻው ላይ አንድ ተስፋ ጣል አድርጋ፣ በአንድ ቁጭታ ጨረሰችው። እህቷ አንብባ ዓይኗን ስታብስ ተገኘች።

«እውነት ይሄ ሁሉ ሆኗል?»

«የቱ?»

«ሕፃኑ እጅሽን ይዞ 'አትሂጂብኝ' ያለሽ።»

«ነክሶኛል እንጂ አልያዘኝም። ንክሻ ደግሞ ሁለት ገጽ አይሞላም።»

በሦስት ሳምንት ውስጥ መልስ መጣ። ተቀብለዋታል። «በጽሑፍዎ ያየነው ጥልቅ ርኅራኄ ሁላችንንም ነክቶናል» ይላል ደብዳቤው። ምላጭ እንደ ዜና አንባቢ ድምጿን አወፍራ ለእህቷ አነበበችላትና እስኪያማት ሳቀች። እነዚህ ናቸው እንግዲህ ምሁራኑ! በሁለት ገጽ ወረቀት የሚሸወዱ ሰዎች ናቸው ሰው ቤት ገብቶ እውነትና ውሸት መለየትን የሚያስተምሯት። ቢሆንም ቦታ ቦታ ነው። እስከ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት በአካል ቀርባ ካልፈረመች ግን ለሌላ ሰው ይሰጣል።

አንድ ችግር ነበረ። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው በሥራ ቀን ነው፤ እዚያ ከገባች ከመዝገቦቿ ግማሹን ለነዚያ ነጠላ ሰረዝ በታኞች ማስረከቧ ነው። ቅዳሜና እሑድ የሚያስተምር አንድ ስሙ ያልተሰማ ትንሽ ተቋም ነበረና ማክሰኞ ዕለት እዚያ ልትፈተን ሄደች።

ተቋሙ ከጫማ መደብር በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ላይ የተለጠፈው «አይሠራም» የሚል ወረቀት ራሱ ከዕድሜ ብዛት የተነሳ ቀለሙ ለቋል። የመፈተኛው ክፍል ወንበሮች አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፤ አመልካቾቹም እንደዚያው። አንዱ ክራቫቱ አንቆት ላብ በላብ ሆኗል፤ አንዲቷ አምስት ባለ ቀለም እስክሪብቶ ደርድራ እንደ ቀዶ ጥገና ሐኪም ትጠብቃለች። ምላጭ አሥራ አንዱንም ባንድ ዙር አየቻቸውና ናቀቻቸው፤ አሥራ ሁለተኛዋ እሷ ናት።

አስተማሪዋ ስድሳ የሞላት አጭር ሴት ናት፤ የሹራቧን ቁልፍ አዛንፋ ቆልፋዋለች። ሰላምታ ሳትሰጥ ወረቀት አደለች።

«ከተዘጋ መዝገብ የተወሰደ የቤት ጉብኝት ሪፖርት ነው። ስሞቹ በጥቁር ቀለም ተሸፍነዋል። ስሕተቱን አሳዩኝ። መጨረሻ ላይ አንዲት ጥያቄ አለች፤ የዚህን ሪፖርት ጸሐፊ እዚህ ትምህርት ቤት ትቀበሉታላችሁ ወይ? ለምን?»

ሪፖርቱ የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ብቻቸውን ስለሚያሳድጉ ሽማግሌ ነው። ምላጭ ገና አንደኛውን ገጽ ስትገልጥ እጇን አሳከካት። «ሽማግሌው ለተጠየቁት የማይገናኝ መልስ ይሰጣሉ» ይላል። ምን ተብለው ተጠየቁ? አልተጻፈም። «ምግብ አልታየም» ይላል። ቁም ሳጥኑ ተከፍቷል? አልተጻፈም። ጸሐፊው አራት ሰዓት ገብቶ አራት ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ላይ ወጥቷል። ያየው ሁሉ የቆመ ሰው የሚያየው ነው፤ የመደርደሪያው አናት፣ የመብራቱ አቧራ፣ የመስኮቱ ስንጥቅ። «ይህ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አንዴም አልተቀመጠም፤ ከልጅቷም አፍ አንዲት ቃል አልጻፈም» ብላ ጻፈች። እየጻፈች ደስ አላት። እስክሪብቶዋ ወረቀቱን እስኪበሳ ድረስ ጻፈች። ወደ መጨረሻዋ ጥያቄ ስትደርስ ለማሰብ እንኳ አልቆመችም፤ «አይገባም። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ሰው ቤት መጠጋቱ ራሱን የቻለ ጥቆማ ሊቀርብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።» አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ጊዜ ተርፏት የሪፖርቱን የመጨረሻ አንቀጽ ያየችው ከዚያ በኋላ ነው። ምላጭ የሰው ሪፖርት እስከ መጨረሻው አንብባ አታውቅም፤ መሃል ላይ ስትደርስ ንቀቷ ይሞላና ይበቃታል። አንቀጹ ስለ ንጽሕና ነው፤ «በር የከፈቱት ሽማግሌ በአንድ እግራቸው ቡናማ፣ በሌላው ጥቁር ካልሲ አድርገዋል» ይላል።

ክው አለች። ካልሲዎቹን ታውቃቸዋለች። ስምንት ዓመት ሆኖታል። አለቃዋ ይህንኑ ወረቀት በስብሰባ ላይ ከፍ አድርጎ «ሪፖርት ማለት ይሄ ነው!» ብሎ አንብቦታል፤ ተጨብጭቦላታል። ልጅቷ በሁለተኛው ቀን ከቤቷ ተነስታለች።

እጇ ወደ መልሷ ሲሄድ አስተማሪዋ ወረቀቱን ከሥሯ ሳበችው። ሰዓቱ አልቋል።

ከሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ተጠሩ። አስተማሪዋ የምላጭን መልስ ፊቷ ዘርግታዋለች።

«አሥራ አንዱ 'እንቀበለዋለን፣ ሁሉም ሰው ዕድል ይገባዋል' ብለዋል። ከአሥራ ሁለት ሰው አይገባም ያልሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ዓይንሽ ጥሩ ነው።»

ምላጭ ዝም ብትል ያልፍላት ነበር። ዝም ለማለትም አስባ ነበር። ግን ያቺ የተዛነፈች ሹራብና ያ ምስጋና ተደርበው አላስቻሏትም።

«ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አስተማሪዋ አልደነገጠችም፤ መነጽሯን አወለቀች እንጂ። «ታዲያ ምን ላድርግሽ? ፍርዱን የሰጠሽው አንቺ ነሽ» አለቻት። ከዚያ የሪፖርቱን ጀርባ ገልጣ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንዲት ትንሽ ሳጥን አሳየቻት። «እዚህ ጋ 'ቤተሰቡ ይግባኝ የመጠየቅ መብት እንዳለው ተነግሮታል' የሚል አለ። ምልክት ተደርጎበታል። ነግረሻቸው ነበር?»

እውነቱ እንዲህ ነው። ቅጹ ከዕቃ ክፍል የሚመጣው ሃምሳ ሃምሳ ሆኖ ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሰኞ ጠዋት ሁሉም ሰው ወሬውን እያወራ የሃምሳዎቹም ቅጾች ሳጥን ላይ ምልክት አድርጎ ይጨርሳል፤ መስክ ላይ እንዳይረሳ። የሳምንቱ ሥራ የሚጀመረው በዚያ ነው። ምላጭ በዚህ ልማድ አንድም ቀን ሳቃ አታውቅም፤ ራሷ ታደርገዋለቻ።

«አልነገርኳቸውም።»

«ሌሎቹንስ?»

«ማንንም።» ድምጿ የሷ አልመስል አላት።

«እንግዲያው እኔ ልንገርሽ። አንቺም ይግባኝ የመጠየቅ መብት አለሽ፤ ለኔ ግን አይደለም። መጀመሪያ ሂጂና ለሰውየው ንገሪያቸው። ከዚያ ነይ።»

«ብመጣ ይቀበሉኛል?»

«አላውቅም» አለች አስተማሪዋ፤ የሚቀጥለውን ሰው ጠራች።

ምላጭ ሦስቱን ፎቅ እየተሳደበች ወረደች። ንስሐ የምትሰጠኝ እሷ ማን ናት? ቁልፏን እንኳ በቅጡ የማትቆልፍ! ሁለት ቀን ሙሉ ቤት ውስጥ ተብሰከሰከች። እህቷ ነገሩን ስትሰማ «ትልቁ ተቀብሎሽ የለ እንዴ? ሂጂና ፈርሚ፣ ተገላገይ» አለቻት። ምክሩ ደህና ምክር ነው። አርብ ከሰዓት ምላጭ ደህና ልብሷን ለብሳ፣ የቅበላ ደብዳቤዋን ይዛ ወጣች።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ደብዳቤውን ደግማ አነበበችው። ጥልቅ ርኅራኄ። ያን ቀን አስቋት ነበር፤ ዛሬ ፈራችው። እንዲህ የሚያምኗት ሰዎች ሁለት ዓመት ሙሉ ያምኗታል፤ ማኅተም ያለበት ወረቀትም ይሰጧታል፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ዓለም ላይ ሪፖርቷን እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው አይኖርም። የዩኒቨርሲቲው አውቶቡስ መጥቶ ቆመ። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ሄደ። ምላጭ መንገዱን ተሻግራ ወዲያኛው ፌርማታ ላይ ቆመች። የሰው ፊት ትረሳለች እንጂ አድራሻ አትረሳም።

ሽማግሌው ራሳቸው ከፈቱላት። ቀጥነዋል፤ አላወቋትም።

«አባባ፣ ከማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነኝ» አለች።

«ግቢ ልጄ፣ ተቀመጪ።»

በሩን ክፍት ትተው ገቡ። ተቀመጠች። ከተቀመጠችበት ሆና የጠረጴዛውን እግር አየች፤ አንድ ልጅ መሬት ቁጭ ብሎ በጠመኔ የጻፋቸው ፊደሎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረዋል። አልተወለወሉም። ምላጭ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች።

«ስለ ልጅቷ ነው የመጣሽው?» አሉ ሽማግሌው። «አሥራ አምስት ዓመት ሞላት አሉ። የሚያሳድጓት ሰዎች ሩቅ ከተማ ናቸው። ትደውላለች፤ ስልኩን ጎረቤቴ ታነሳልኝና የምትለውን ትነግረኛለች። ሁሌ አንድ ነገር ነው የምትጠይቀኝ። 'አያቴ፣ ሲወስዱኝ ለምን ዝም አልክ?' ትላለች።»

ወደ ጠረጴዛው እግር ተመለከቱ።

«ምን ብዬ ልመልስላት? አቤት የሚባልበት ቦታ ያለ አልመሰለኝማ። ቢኖር ኖሮ ያቺ የመጣችው ሴትዮ ትነግረኝ ነበር አልኩ። የተማረች ናት፤ እንዴት ትደብቀኛለች አልኩ።»

ምላጭ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ማንንም ያልፈራች ሴት ናት። አሁን ግን እኚህን ሽማግሌ ፈራቻቸው።

«ነበረ፣ አባባ» አለች። «ይግባኝ ማለት ይችሉ ነበር። ሴትዮዋ እኔ ነኝ። አልነገርኩዎትም።»

ድምጿ ከጉሮሮዋ አላለፈም። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አደረጉ።

«ጆሮዬ ደካማ ነው፣ ልጄ። ድሮም እንዲህ ነኝ፤ ሰው ሲጠይቀኝ እያፈርኩ የመሰለኝን እመልሳለሁ። እስቲ ጮክ በይልኝ፤ ምን ነበር ያልሽው?»

ጎረቤትየዋ ድምፅ ሰምታ ክፍቱ በር ላይ መጥታ ቆማለች። ምላጭ ተነስታ ወደ ጆሯቸው ተጠጋች፤ ደግማ፣ የሕንፃው ደረጃ ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብላ ነገረቻቸው።