አረንጓዴው ሻርፕ

አዲስ ድራማ ፊልም በወጣ ቁጥር እያየሁ በጋዜጣ ላይ አስተያየት መጻፍ ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የዘጠኝ ሰዓቱን እገባለሁ፣ ከኋላ እቀመጣለሁ፣ የፊልሙ ሠራተኞች ስም መውረድ ሲጀምር መብራት ሳይበራ ውልቅ እላለሁ። አለዚያ በር ላይ "እንዴት ነበር ጋሼ?" የሚል አይጠፋም። በነፃ የምሰጠው አስተያየት የለኝም።

የጋዜጣችን አራሚ ግን ተቃራኒዬ ነበረች። "ቀይ እስክሪብቶ" ነበር የምንላት። የጻፍኩትን ለማረም ብላ ፊልሙን ራሷ ሄዳ ታየዋለች፤ የመጨረሻው ስም እስኪያልፍም ከወንበሯ አትነሳም፣ ከስሞቹ መሃል የፊደል ግድፈት እየለቀመች። በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀቱ ቀልቶ ይጠብቀኛል። "ኮቱ ጥቁር አይደለም፣ ቡኒ ነው። ዓይንህን የት ጥለኸው ነው?" ልከራከራት ስል "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሳይታተም እናስተካክለው" ትለኛለች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ተነታረክን። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ የለም።

የዛሬ ሁለት ዓመት እናቷ ታመሙና ልታስታምማቸው ወደ ትውልድ ከተማዋ ሄደች። የሄደች ዕለት ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ከቢሮዬ በር ላይ ቆመች።

"በል እንግዲህ" አለች።

እኔ ኮምፒውተሬ ላይ እንዳፈጠጥኩ "ደህና ግቢ" አልኳት፣ ነገ ጠዋት የምትመለስ ይመስል። አልዞርኩም። ብዞር ፊቴን ታነበዋለች፤ እሷ ደግሞ ያነበበችውን ሳታርም አታልፍም። ስልኳ አለኝ። ስንት ጊዜ ቁጥሯን አውጥቼ ተውኩት! እናቷን ለምታገላብጥ ሴት ደውዬ ምን ልላት ነው? ናፈቅሽኝ? በዚህ ዕድሜዬ?

ዋና አዘጋጃችን ልጅ እግር ነው። "ጋሼ፣ ፊልሞቹ ስለ ማኅበረሰቡ ምን እንደሚሉ ይጨምሩበት" ይለኛል፣ ጨው ጨምርበት እንደሚባለው። የሰሞኑ ድራማዎች ደግሞ ለዚህ የተመቹ ናቸው። በአንዱ ሦስት ወንድማማቾች የአባታቸውን ቤት ለመሸጥ በጠበቃ በኩል ይነጋገራሉ። በሌላው ባልና ሚስት የማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት እየለጠፉ ይኖራሉ፤ "ሳሙና አልቋል"፣ "ዛሬ አመሻለሁ"። በሁለቱም ውስጥ አንድ ሰው እንኳ የልቡን ለሚመለከተው ሰው አይናገርም። ይህን ይዤ በማኅበረሰቡ ላይ አፌን ሞልቼ ፈረድኩ፤ መነጋገር ጠፍቷል፣ ሁሉም በሆዱ ይዞ ቀረ ብዬ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለኔ ነው።

አሁንም ታነበኝ እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ። ከዚህ ሌላ የፈለግኩት ነገር አልነበረም። ስለዚህ የወንድማማቾቹን ፊልም ስጽፍ ሆን ብዬ አራት አደረግኳቸው። ስህተት አይታ ዝም ማለት አይሆንላትም፤ ካነበበችኝ ትደውላለች። ሦስት አንባቢዎች ደወሉ፣ ሁለቱ ሰደቡኝ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ተንደርድሬ አነሳለሁ፤ እሷ አይደለችም።

በሳምንቱ ስለ ባልና ሚስቱ ስጽፍ የሚስትየዋን ቀይ ሻርፕ አረንጓዴ አልኩት። ፊልሙን ያየ ሁሉ ሌላውን ቢረሳ ያን ሻርፕ አይረሳም። ዋና አዘጋጁ ጠራኝ።

"ጋሼ፣ ዓይንዎን ይታዩ እንጂ! አሁን ከደገሙት ዓምዱን ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው።"

ዓይኔስ ደህና ነው አላልኩትም።

በአሥረኛው ቀን ፖስታ መጣልኝ። ውስጡ ከጋዜጣው ተቆርጦ የወጣ የኔው ጽሑፍ ነው፣ ቀልቶ። ዳሩ ላይ በዚያ በማውቀው ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

"ሻርፑ ቀይ ነው። ያለፈው ሳምንት ወንድማማቾችም ሦስት ናቸው። ሁለቱንም ሆን ብለህ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ስህተትህን ለቅሜ የውሸቱን ከእውነተኛው አልለይም?"

ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ደረስኩ። እኔ የጻፍኩት "ባልየው አውቶቡሱ ላይ ሲወጣ ሚስቱን ዞር ብሎ እንኳ አያያትም። እንዲህ ሆነናል፤ መሄድ እንጂ መዞር አናውቅም" የሚል ነበር። ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

"እውነተኛው ስህተትህ ይሄ ነው። ይዞራል። ስሞቹ ወርደው ካለቁ በኋላ፣ ለአፍታ ያህል። ሁለት ጊዜ ገብቼ አይቼዋለሁ። አንተ ያን ጊዜ ወጥተሃል። ሁልጊዜም ሳያልቅ ነው የምትወጣው። እማዬ ካረፈች አምስት ወር ሆናት። ቤቱ ጭር ብሎብኛል።"

እናቷ መሞታቸውን አላወቅኩም ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አፈርኩ።

የዚያኑ ዕለት የዘጠኝ ሰዓቱን ገባሁ። አዳራሹ ውስጥ ስድስት ሰው ብንሆን ነው። ስሞቹ መውረድ ሲጀምሩ እግሬ በልማዱ ሊነሳ አለ፤ ወንበሩን ጨብጬ ቀረሁ። የመብራት ሠራተኞቹን፣ የልብስ ሰፊዎቹን፣ የሾፌሮቹን ስም ሁሉ አነበብኩ። የአንዱ ሾፌር ስም ፊደል ጎድሎታል፤ እሷ ይህን ሳትለቅመው አትቀርም። ከዚያ ምስሉ ተመለሰ። ባልየው በአውቶቡሱ መስኮት ዞሮ አየ። ቀይ ሻርፗን እንዳደረገች እዚያው ቆማለች። በጨለማው ውስጥ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

በማግስቱ ለዋና አዘጋጁ አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ሰጠሁት፦

"እርማት። ወንድማማቾቹ ሦስት ናቸው። ሻርፑ ቀይ ነው። ባልየው ይዞራል። እንዲሁም የዚህ ዓምድ ጸሐፊ የዛሬ ሁለት ዓመት አራሚያችንን 'ደህና ግቢ' ያላት በስህተት ነው፤ ሊላት የፈለገው 'አብሬሽ ልምጣ' ነበር።"

ሁለት ጊዜ አነበበው። "ጋሼ፣ ይሄ የመጨረሻው... ከታተመ መመለሻ የለውም እኮ።"

"አውቃለሁ" አልኩት። "ሞኝና ወረቀት!"

ጋዜጣው ቅዳሜ ይወጣል። እኔ የዓርቡን አውቶቡስ ትኬት ቆርጫለሁ። ስታነበው አጠገቧ መሆን አለብኝ፤ የሚታረም አይጠፋውም።