የሁለታችን የእጅ ሰዓት

እኔና ሳህሌ አንድ ቤት እየኖርን ሳንገናኝ የከረምንበት ዘመን ነበር። ስኔልቪል ቤት ገዝተን ከገባን ወዲህ እሱ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ መጋዘን የሌሊት ሺፍት ይሠራል፤ እኔ ደግሞ ደንዉዲ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት፣ የቀን። ጠዋት መኪናዬን ከድራይቭዌዩ ሳወጣ እሱ የራሱን ሊያስገባ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀኛል። መስኮታችንን ዝቅ እናደርጋለን።

«ደህና አደርሽ እታገኝ? ቀስ ብለሽ ንጂ፣ ቱ ኤይቲ ፋይቭ ሃይዌይ ተዘጋግቷል።»

«እሺ። ምሳህ ፍሪጅ ውስጥ አለ።»

በቃ፤ የቀኑ ጨዋታችን ይኸው ነው። ማታ እኔ ስመለስ እሱ ወጥቶ ይሄዳል።

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ሰመር ላይ ሐኪሙ ስኳር እንዳለበት ነገረው። መድኃኒት ጻፈለት፣ እንቅስቃሴም ግድ ነው አለው። ሳህሌ «ሌሊቱን ሙሉ ሳጥን ስሸከም አድሬ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ነው የሚፈልገው?» ብሎ ተቆጣ። እዚሁ ስቴት፣ አቴንስ በምትባለው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ለምትማረው ልጃችን ለሚካኤላ ደውዬ ብነግራት ሳቀች።

«ማሚ፣ ዋች ግዢለት። ላይክ፣ ጂፒኤስ ያለው። ዳዲን አታውቂውም እንዴ? የሚለካ ነገር ከሆነ አይተወውም።»

እውነቷን ነው። መኪና ሲያጥብ እንኳ ስንት ባልዲ እንደፈጀ የሚቆጥር ሰው ነው። ሄጄ ገዛሁለት። ውድ ውዶቹ መስታወት ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፤ ይቺ ግን ቅናሽ ከተለጠፈበት መደርደሪያ ላይ ከካልሲና ከውሃ መያዣ ጋር ተንጠልጥላ ነበር። ጥቁር ፕላስቲክ፣ ውፍረቷ የልብስ ሳሙና የሚያህል። ስክሪኗ ቀለም የለውም፣ የልብ ምት አትቆጥርም፣ መልእክት አትቀበልም። የምታውቀው ነገር ቢኖር የት እንደሄድክና በምን ያህል ፍጥነት እንደሄድክ ብቻ ነው።

እሱንም ቢሆን ተለምና ነው። ሳተላይት እስክታገኝ ሳህሌ ድራይቭዌዩ ላይ ክንዱን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይቆማል። ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ሰላምታ መስሏት በየጠዋቱ እጇን ታውለበልብለት ጀመር። እሱም ሊያሳፍራት አልፈለገም፤ በሌላው እጁ ይመልስላታል። ከዚያ ሰዓቷ «ጢጥ» ስትል፣ እንደ ተለቀቀ ውሻ ሮጠ ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ከሥራ ሲመጣ ሳይተኛ ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነበር የሚወጣው። ከወር በኋላ የሥራ ጫማውን መኪናው ውስጥ ቀይሮ መምጣት ጀመረ። ስልኩን ኪችን ካውንተር ላይ ትቶት ይሄዳል። «ሌሊቱን ሙሉ ሱፐርቫይዘሩ ይደውልልኛል፤ ስሮጥ እንኳ ማንም አያግኘኝ» ይላል።

አንድ ቀን እሱ ሥራ ከሄደ በኋላ ሰዓቷ ቻርጀሯን ነክሳ ካውንተሩ ላይ ተኝታ አየኋት። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አንስቼ አሰርኳት። ማሰሪያው በእሱ ላብ ደርቋል፤ የእሱ ክንድ የሚቆለፍበትን ቀዳዳ አልፌ መጨረሻው ላይ ቆለፍኩት። ወጥቼ ሰፈሩን ዞርኩ። ሩጫ አልለውም፤ ከእርምጃ ትንሽ ፈጠን ያለ። ግን ቤት ስገባ ፊቴ ግሎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሚካኤላ ቅዳሜና እሑድ ስትመጣ ሰዓቷን ከኮምፒውተሩ ጋር እንዴት እንደምናገናኛት አሳየችን። የሄድንበት መንገድ ሁሉ ካርታ ላይ ቀይ መስመር ሆኖ ይወጣል። አካውንቱ አንድ ስለሆነ የእሱም የእኔም እዚያው ነው፤ የጠዋቱ የሳህሌ፣ የማታው የእኔ።

ከዚያ በኋላ ድራይቭዌይ ላይ የምንባባለው ተለወጠ።

«ትናንት ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ለምን ተመለስሽ?» ይለኛል መስኮቱን አውርዶ።

«ውሻ ነበራ።»

«ቡናማው? እሱ እኮ ይጮሃል እንጂ አይነካም። ስሙን ስትጠሪው ዝም ይላል።»

«ስሙን በምን አወቅክ?»

«በኋላ እነግርሻለሁ፣ ይረፍድብሻል፣ ሂጂ!»

እየሳቅኩ እነዳለሁ። ማታ ስመለስ ልብሴን ሳልቀይር ኮምፒውተሩን ነው የምከፍተው። ሌሊቱ የከበደው ቀን መስመሩ አጭር ነው። ደስ ያለው ቀን ሰፈሩን አልፎ፣ የከፍተኛ ኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ከቆሙበት የሣር ሜዳ ገብቶ፣ ጅረቱ ድረስ ይወርዳል። ሳይነግረኝ እንዴት እንደዋለ አውቅ ነበር። እሱም የእኔን እንደዚያው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ጅረቱ አጠገብ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ መስመሩ እንደ ተወሳሰበ ክር ይቋጠራል። ሚካኤላን ስጠይቃት «እዚያ ጋ ቆሞ ነው፤ ርካሽ ዋች ስትቆሚ እንደዚያ ትሞነጫጭራለች» አለችኝ። በየቀኑ ለምን ይቆማል? እዚያ ማን አለ? እሱን ብጠይቀው «አረፍ እላለሁ» አለና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ቅር አለኝ።

በመኸር ወራት አንድ ቅዳሜ፣ እኔ ኦፍ ነበርኩ፤ ሳህሌ ከሥራ መጥቶ ሰላም ብሎኝ ለሩጫ ወጣ። ቁርስ ሠርቼ ጠበቅኩት፤ ቀረ። ቁርሱ ቀዘቀዘ። ስልኩ ላይ ደወልኩ፤ ካውንተሩ ላይ እፊቴ ጮኸ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ በኋላ መስኮቱ ጋ እየተመላለስኩ መንገዱን አይ ጀመር። መኪናዬን አስነስቼ በየመንገዱ ልዞር አልኩና ትዝ ሲለኝ ወደ ኮምፒውተሩ ሮጥኩ። የትናንቱን መስመር ከፈትኩ፣ የትናንት በስቲያውንም። ሁሉም እዚያ ቋጠሮ ጋ ይገናኛሉ። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፣ ከፍሪጅ የጁስ ጠርሙስ አንስቼ ወጣሁ።

አስፋልቱ የሚያበቃበት ጋ ፓርክ አድርጌ በምሰሶዎቹ ሥር ወረድኩ። ሣሩ ጤዛ ስለነበረው ጉልበቴ ድረስ ራስኩ። «ሳህሌ!» እያልኩ ነበር የምሄደው። ጅረቱን ሳልፍ የእንጨት አጥር አየሁ፤ ከአጥሩ ወዲያ ቤት ሳይሠራበት የቀረ የግጦሽ መሬት አለ። ሳህሌ አጥሩን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል፣ ከንፈሩ ነጥቷል። በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ አንድ ያረጀ ዳማ ፈረስ ቁልቁል ያየዋል።

«እግሬ» አለኝ። «ጉድጓድ ውስጥ ገባ። መቆም አቃተኝ።»

ቁርጭምጭሚቱ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን እግሩ አልነበረም፤ ንግግሩ እንደ ሰካራም ይጎተታል። ስኳሩ ወርዶ ነው። ጁሱን ከፍቼ አጠጣሁት።

«ምነው፣ ለሥራ የቋጠርኩልህን አፕል ይዘህ አልወጣህም? በልተኸው ቢሆን እኮ እንዲህ አትሆንም ነበር!»

ሳህሌ አላየኝም። ጣቱን ቀስ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ፈረሱ ቀሰረ።

«እሱ በላው።»

«ዛሬ?»

«...ሁልጊዜ።»

ከአራት ወር በላይ፣ ለስኳሩ ይሻለዋል ብዬ እያጠብኩ የማስቀምጥለትን አፕል ሌሊት ሳይበላ እየመለሰ ጠዋት ለዚህ ፈረስ ሲያበላ ነው የኖረው! ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው፤ ሳቁ ደግሞ ወዲያው እንባ ሆነ። እሱም አብሮኝ ሳቀና «ጓደኛዬ ነው እኮ» አለኝ። «ሲያየኝ ከዚያ ጥግ ሮጦ ይመጣል። በቀን ውስጥ ከሥራ ሌላ የማገኘው እሱን ብቻ ነው።» ይህን ያለው ሊያስከፋኝ አልነበረም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። እጁን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ናይን ዋን ዋን ደወልኩ። ሰዎቹ በሣሩ ውስጥ ቃሬዛ ይዘው መጡ፤ አነሱት። አምቡላንሱ ውስጥ አብሬው ገባሁ። ሆስፒታል ደርሰን ወደ ውስጥ ሲገፉት በድንገት ክንዱን ወደ እኔ ዘረጋ።

«እታገኝ፣ ሰዓቷን ስቶፕ አድርጊያት፤ እስካሁን እየቆጠረች ነው!»

ነርሷ ግራ ገብቷት አየችን። እኔ ቁልፉን ተጫንኩት።

ሚካኤላ በዚያው ቀን ከአቴንስ ነድታ መጣች። ማታ ቤት ስንገባ ሰዓቷን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካቻትና ጮኸች። መስመሩ ከቤታችን ተነስቶ ጅረቱ ጋ ይቋጠራል፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ በሃይዌይ እስከ ሆስፒታሉ ይበርራል። ሰዓቷ አምቡላንሱንም ሩጫ መስሏት ነበር። ስክሪኑ ላይ አዲስ ሪከርድ እንደሰበረ ጽፋ «እንኳን ደስ አለህ!» ትለዋለች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ዳዲ! ማይሉን በአንድ ደቂቃ ሮጠሃል!» ሚካኤላ መሬት ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ዲሊት ላድርገው?»

«እንዳትነኪው!» አላት ሳህሌ፣ እግሩ ትራስ ላይ ሆኖ።

አጥንቱ ተሰንጥቆ ስለነበር እግሩ በጄሶ ታሰረ፣ ከሥራም ቀረ። በቀረበት ጊዜ ሁሉ ከሥራ መልስ አፕል በኪሴ ይዤ፣ ሰዓቷን አስሬ እሄዳለሁ። ፈረሱ መጀመሪያ አልቀረበኝም፤ ራቅ ብሎ ከኋላዬ ሌላ ሰው ይመጣ እንደሆነ ይመለከት ነበር። በኋላ ለመደኝ። ቤት ስገባ ሳህሌ ክራንቹን ይዞ በሩ ጋ ይጠብቀኛል፤ ሰዓቷን ከእጄ ፈትቶ ራሱ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካታል። ቋጠሮውን ካየ ይረጋጋል።

«ዛሬ ብዙ ቆየሽ።»

«አልለቅ አለኝ።»

«አንገቱን በግራ በኩል አክሺው። በግራ ነው የሚወደው።»

በማግስቱ በግራ በኩል አከኩት። እንዳለው ዓይኑን ጨፈነ።

ጸደይ ሲገባ ሳህሌ የሌሊቱን ሥራ ተወና ሮዝዌል ውስጥ እንግዶች የሚያመላልስ የሆቴል ሸትል መንዳት ጀመረ፤ የቀን። ግጦሹ መሬት በዓመቱ ተሸጠ፤ ፈረሱን ባለቤቱ ወደ ገጠር እንደወሰደው ሰማን። ዛሬ እዚያ ታውንሃውስ ተሠርቶበታል። ሰዓቷም ባትሪዋ መያዝ ሲያቅታት መሳቢያ ውስጥ ገባች፤ ሚካኤላ ሥራ ስትይዝ ለሁለታችንም አዲስ ገዝታልናለች፣ ገና ሲነኩት ሳተላይቱን የሚያገኝ።

አዲሱን ሥራ የጀመረበት ቀን ግን ከሁሉ በላይ ትዝ ይለኛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለታችንም ቤት ገባን፣ መኪኖቻችንን ጎን ለጎን አቆምን። ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ስንቀመጥ እንደ አዲስ እንግዳ ተፋፈርን። እሱ ጨው አቀበለኝ፤ እኔ ውሃ ቀዳሁለት።

«እ...» አለ ሳህሌ ጉሮሮውን ጠርጎ፤ «ቀኑ እንዴት ነበር?»

ያን ሁሉ ወር ሳይጠይቀኝ የሚያውቀውን ነገር ነው የጠየቀኝ። ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ከዚያ ከጠዋቱ ጀመርኩለት፤ እሱም ማንኪያውን አስቀምጦ ሰማኝ።