የሐምሌ ሰረዞች

ጭኛለሁ፣ አልጫንኩም፣ ጭኛለሁ፣ ወይኔ እስከዳር፣ የሐምሌውን ፎቶ ሰርቨሩ ላይ ጭነሻል ወይስ አልጫንሽም፣ የሰኔውን እንደጫንኩ አውቃለሁ፣ ትዕግስት እዚሁ ወንበር ላይ አስቀምጣ አናቴ ላይ ቆማ ነው ያስጫነችኝ፣ የነሐሴውንም አኩርፌ ራሴው ጭኛለሁ፣ ሐምሌ ግን፣ ሐምሌ ላይ ተጣልተን አልነበር? ተጣልተናል። በዚሁ በሰርቨሩ ጉዳይ።

ሰርቨሩ ገና እየተነሳ ነው። ሦስት ቀን መብራት ጠፍቶ ዛሬ መጣ፣ ሰርቨሩን የምትጠብቀው የክፍላችን ትዕግስት ናት፣ ቁልፏን እያንቀጫቀጨች ገብታ የጥቁሩን ሳጥን ማብሪያ ተጫነችና ታገሺ አለችኝ፣ እሺ፣ እታገሣለሁ፣ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ፣ የሐምሌውን ፋይል ታስታውሺዋለሽ ወይ ብላት፣ የስንቱን ሰው ፋይል ነው የማስታውሰው፣ ይከፈትና እናያለን። እናያለን! አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፣ ዶክተር ደመላሽ የሰጡኝ እስከ ስድስት ሰዓት። ከስድስት ሰዓት በኋላ ደብዳቤው ለድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፣ ተማሪዋ ዳታ ፈጥራለች የሚል፣ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ማስተርስ በቃ፣ ውሃ በላው።

ትናንት ቢሯቸው ስገባ ተቀመጪ እንኳን አላሉኝም። አማካሪዬ ናቸው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የኔ ጎበዝ ሲሉኝ የኖሩ ሰው፣ ትናንት ግን መነጽራቸውን አውልቀው የዝናብ ሠንጠረዤን በእርሳስ ጫፍ ጠቅ ጠቅ፣ ይሄ ምንድን ነው፣ ጁላይ አሥራ ዘጠኝ ዜሮ፣ ሃያ ስድስት ዜሮ፣ ሃያ ስምንት ዜሮ፣ በክረምት እምብርት ደብረ ኤልያስ ላይ ጠብ አላለም? እዚህ ማርቆስ ያን ቀን ጎርፍ ነበር፣ ይጁቤም ዘንቧል፣ ያንቺ መለኪያ ብቻውን ደረቅ ዋለ? በማግስቱ ደግሞ እጥፍ ይዘንባል። ወይ መለኪያውን የሚያነብልሽ አንባቢሽ ቤቱ ቁጭ ብሎ ፈጥሮታል፣ ወይ አንቺ ፈጥረሻል። እኔስ ምን አልኩ፣ አንባቢው ይሆናል አልኩ፣ አይ እስከዳር፣ በሰው ለማሳበብ አፍሽ ፈጠነ። እንግዲያው በእጅ የተጻፈውን ዋናውን መዝገብ አምጪ አሉኝ። ከየት?

ላፕቶፔ ግንቦት ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ጭስ ተፍቶ ሞቷል። የመዝገቡን ገጾች ያነሳሁባቸው ፎቶዎች እዚያ ነበሩ፣ ከስልኬ ላይ ቦታ ሞላ ብዬ አጥፍቻቸዋለሁ። የቀረው ደብተሩ ነው፣ ደብተሩ ደግሞ አያ በላቸው ዘንድ። አያ በላቸው አንባቢዬ ናቸው፣ ደብረ ኤልያስ ወረዳ፣ ማሳቸው ዳር የዝናብ መለኪያ የተከልኩባቸው ገበሬ፣ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ወጥተው ውሃውን ለክተው ደፍተው ስንት እንደሆነ የሚጽፉ። ደወልኩላቸው። አያ፣ የአምናው ደብተር አለ? ደብተሩማ አልቆ አልነበር ልጄ፣ መጻፊያው ሲሞላ ያለምወርቅ እሳት አያያዘችበት። ያለምወርቅ ሚስታቸው ናት። እሳት አያያዘችበት! እሷ ምን ታድርግ፣ ያለቀ ደብተር ያለቀ ደብተር ነው፣ አስቀምጡልኝ ያላልኩ እኔ። ግን ትናንት ይሄ የት ታይቶኝ፣ ደሜ ፈልቶ ነበር፣ አያ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ሳይለኩ ነው የጻፉት አይደል፣ ዋሹኝ አይደል። ስድሳ ዓመት ያለፋቸውን ሰው። እኔ ሰማይ ያላወረደውን አልጻፍኩም፣ አሉና ዘጉት።



የሰርቨሩ አረንጓዴ መብራት መብለጭለጭ ጀመረ፣ ይሄ ጥሩ ነው? ጥሩ ነው አለችኝ ትዕግስት። ይሄን ሳጥን እንዴት እንደምጠላው! የክፍሉ ሰው ሁሉ ዳታውን በጋራ ሰርቨር ያስቀምጥ ሲባል መጀመሪያ የጮህኩት እኔ ነኝ፣ እኔ በጭቃ ተንከባልዬ ያመጣሁትን ማንም ገብቶ ይዘርፈኝ? አብሮኝ የሚማረው አንተነህ ሻዩን እየጠጣ በኔ ዝናብ ጽሑፍ ያውጣ? ትዕግስት ግን ረጋ ብላ፣ ስሚኝ እስኪ፣ ጥሬ የሚለው ፎልደር ውስጥ አንዴ የገባውን አንቺም እኔም አንነካውም፣ አይጠፋም፣ አይስተካከልም፣ ማን መቼ እንዳስገባው ይመዘግባል፣ የምትሠሪበትን ቅጂ ሌላ ቦታ እንደፈለግሽ አድርጊው። ማን ሰማት። የሐምሌው ትዝ አለኝ፣ አዎ፣ ከመስክ እንደመጣሁ፣ ጫማዬ ጭቃ፣ ርቦኛል፣ ገጾቹን ሳትጭኚ እንዳትሄጂ ስትለኝ፣ ኤጭ፣ አንቺው ጫኚው፣ ብዬ ሚሞሪ ካርዱን ጠረጴዛዋ ላይ ወርውሬላት ወጣሁ። ወርውሬላት! በሳምንቱ ካርዱን በጸሐፊዋ በኩል መለሰችልኝ፣ ምንም አላለች፣ እኔም አልጠየቅኩም። ጫነችው? እኔ ብሆን አልጭነውም ነበር፣ ለዚያች ባለጌ ብዬ።

ተከፈተ።

ጥሬ፣ እስከዳር፣ ደብረ ኤልያስ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ በፊደል ተራ ነው የሚደረድረው፣ ከላይ፣ የመጀመሪያው፣ ሐምሌ። ሐምሌ! አራት ፎቶ። ያስገባው፣ ትዕግስት፣ ነሐሴ ሦስት ቀን። በስመ አብ፣ ተመስገን፣ ተመስገን፣ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል፣ ምነው አንቺ፣ ሰው ሞተ እንዴ ትለኛለች፣ አልሞተም፣ ተነሳ እላታለሁ፣ ካርዱን ወርውሬብሽ ጫንሽልኝ? አንቺ ተቆጣሽ እንጂ ዝናቡ መች ተቆጣኝ፣ ብላ ቡናዋን ፉት። እኔ ይቺን ሴት አንድ ዓመት አኩርፌያታለሁ።

የመጀመሪያው ፎቶ። አያ በላቸው የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ናቸው፣ ጽሑፋቸው ጥርት ያለ ነው። ሐምሌ አሥራ አንድ፣ ስድስት ነጥብ ሁለት። ሐምሌ አሥራ ሁለት፣ ሰረዝ። ዜሮ አይደለም፣ ሰረዝ! ከጎኑ በደቃቁ፣ ሚካኤል ነው፣ አልነካሁም። ሐምሌ አሥራ ሦስት፣ ሠላሳ አንድ ነጥብ አራት፣ የሁለት ቀን። ወይ ጉድ። አሥራ ዘጠኝ፣ ሰረዝ፣ ገብርኤል። ሃያ አንድ፣ ሰረዝ፣ ማርያም ናት። ሃያ ሁለት፣ የሁለት ቀን፣ የሁለት ቀን፣ ሰውዬው አንዲት ጠብታ አልዋሹም፣ በበዓል እጃቸውን ለሥራ አያነሱም፣ ውሃ ለክቶ መድፋትም ሥራ ነው፣ እና ያልነኩትን አልነካሁም ብለው ጻፉ። እኔስ? በሚካኤል መርፌ የማትይዝ እናት ያሳደገችኝ፣ እዚህ ተወልጄ እዚህ ያደግኩ፣ እንዴት አልታየኝም? ቀኑን ሁሉ ወደ ፈረንጅ አዙሬ፣ ጁላይ አሥራ ዘጠኝ ብዬ፣ ጁላይ ላይ ሚካኤልን ከየት አምጥቼ ልየው።

ቆይ። ታዲያ ዜሮውን ማን ጻፈው?

እኔ። ማን ይሆናል ሌላ። ኤክሴሉ ሰረዙን አልደምርም ሲለኝ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ በደቃቁ የተጻፈውን ሳላነብ፣ ልጨርስ ብዬ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ፈጠርሽ ብለው ዶክተሩ ሲቆጡ አልፈጠርኩም ብዬ ልቤ ነደደ፣ ለካ ዝናቡን ባላወቅኩበት ቀን ድርቅ ጽፌያለሁ። አሁን የምሠራበትን ቅጂ ቀስ ብዬ ባስተካክለውስ፣ ኤክሴሉ ነው፣ ቫይረስ ነው ብልስ? ትናንት በአያ በላቸው አሳብቤያለሁ፣ ዛሬ ደግሞ በኤክሴል፣ ነገ በማን? ተይ እስከዳር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፣ በቃ፣ ዳዋው ይብቃው።

ደወልኩላቸው። ዶክተር፣ መዝገቡ ተገኝቷል፣ ሰርቨሩ ላይ ነው፣ ጥሬ የሚለው ውስጥ፣ ሐምሌ። ቆይ ልክፈተው። ይከፍታሉ፣ ትንፋሻቸው ይሰማኛል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያነባሉ፣ ሚካኤል ነው፣ አልነካሁም፣ ማርያም ናት፣ የሁለት ቀን፣ ታዲያ ዜሮው? ዜሮው የኔ ነው ዶክተር፣ አንባቢው አይደሉም፣ ትናንት በሳቸው ያሳበብኩት ስለፈራሁ ነው፣ ሰረዙን ዜሮ ያደረግኩት እኔ ነኝ። የግድግዳው ሰዓት አራት ከሩብ ይላል፣ አሁን ደብዳቤው መጣ፣ አሁን። እና ሰውዬው ይስቃሉ! ከሆዳቸው ይስቃሉ፣ መርጡለ ማርያም ያሉት አባቴ በሃያ አንድ በሬ ጠምደው አያውቁም፣ እኔ እርሳስ ይዤ ወንጀለኛ ስፈልግ ይላሉ፣ በይ፣ ሰረዙን መልሺው፣ የሁለት ቀኑን የሁለት ቀን በይው፣ ስህተትሽን ጽሑፍሽ ውስጥ በግልጽ አስቀምጪ፣ ደብዳቤ የለም፣ ጥናትሽን በቀጠሮሽ ታቀርቢያለሽ። እስከዳር? አቤት። ትናንት ተቀመጪ ሳልልሽ ቀረሁ። ኧረ ምንም አይደል ዶክተር፣ ምንም አይደል።

እፎይ። እፎይ፣ እፎይ፣ ትዕግስትን አንገቷን አንቄ ስሜያታለሁ፣ ቡናዋን ደፋሁባት፣ ኧረ ልቀቂኝ ኪቦርዱ ረጠበ ትላለች፣ ይርጠብ፣ እገዛልሻለሁ፣ ይሄን ሳጥንም ልስመው ይሆን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ አንድ ዓመት አድሮ ጠራ። አሁን ያቺ አንዷ ስልክ ቀረችኝ፣ የምፈራት።

ይጠራል። ይጠራል። ባያነሱት እውነታቸውን ነው። ሃሎ። አያ፣ እስከዳር ነኝ። አያ፣ ደብተሩን አገኘሁት፣ ፎቶው አለ፣ የጻፉትን አንድ በአንድ አነበብኩት፣ እርስዎ አልዋሹኝም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አፈር ስሆን ይቅር ይበሉኝ። ከኋላ ያለምወርቅ ማናት ትላቸዋለች፣ ያቺ የዝናቧ ልጅ ናት ይሏታል። እግዜር ይቅር ይበልሽ ልጄ፣ ትናንትማ ከፍቶኝ ነበር፣ ሁለተኛ ላልጽፍ አስቤ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ብወጣ መለኪያው ውሃ ይዟል፣ ዝናቡ ምን በደለ ብዬ ለካሁት። ምን? ምን አሉኝ? አያ፣ እስካሁን ይለካሉ እንዴ፣ ሥራው እኮ ጥቅምት ላይ አልቋል። አልቋል? ማን ነገረኝ?

ማንም። እኔ ነበርኩ የምነግራቸው፣ የምፈልገውን ይዤ ጠፋሁ፣ እሳቸው ስምንት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ማሳው ዳር ይወጣሉ። በበጋውም ጽፈዋል? በበጋው ዜሮ ነዋ፣ ይላሉ፣ እውነተኛ ዜሮ፣ ዜሮ ብዬ ጽፌዋለሁ። እስቃለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ የቱ እንደሆነ እንጃ፣ ትዕግስት ኪቦርዱን ወልውላ ወደኔ ገፋችው። ትሰሚያለሽ ልጄ? እሰማለሁ አያ። የዛሬው አሥራ ስምንት ነጥብ ሁለት ነው፣ ጻፊ። እየጻፍኩ ነው አያ፣ እየጻፍኩ ነው።