ብስኩት ያልተሸጠበት ቀን

ታኅሣሥ ነው፤ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ መንገድ እያዘጋ ሰውን ሁሉ ያስጨነቀበት ጊዜ። ፌኔት አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰች ገና ስድስት ወሯ ነው፤ ዓለም ገና ከተማ አስፋልቱ ዳር በጋሽ ሀሰኖ የጅምላና የችርቻሮ ሱቅ ትሠራለች። ሥራዋ ምን መሰላችሁ? የተሸጠውን እየመዘገበች በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ላለው አከፋፋይ ድርጅት ድምሩን በሜሴጅ መላክ። እነሱ ደግሞ ቁጥሩን አይተው ሰው ገንዘብ እያወጣ ነው፣ አይደለም ይላሉ፤ መኪናም በዚያው ልክ ይጭናሉ።

ትናንት ሽያጩ እጥፍ ሆኖ ነበር። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሽንኩርት የሚሸጡት እትዬ በቀለች መጡ። ሁልጊዜ የሚወስዱት አንድ ክብሪትና ለልጆቻቸው ሁለት ብስኩት ነው።

"አንድ ደርዘን ክብሪት፣ አምስት ኪሎ ጨው፣ ሻማ ደግሞ ያለሽን ያህል።"

"እንዴ እትዬ፣ ሊቸረችሩ ነው እንዴ? ብስኩቱስ?"

"አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ መዝኚ! ብስኩት ይቆያል።"

ከሳቸው ኋላ የመጣውም ሁሉ እንደዚያው። ጨው፣ ክብሪት፣ ሻማ፣ ፓስታ፣ አሁንም ጨው። ብስኩቱና ለስላሳው ግን የነካው የለም። ፌኔት መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጠች። ባለፈው መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ሁለት መኪና የተሰባበረ ጊዜም፣ በዋዜማው ሰው ሲገዛ የዋለው ልክ እንዲህ ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። የድርጅቱ የሽያጭ ኃላፊ ዘርሁን ነው።

"ፌኔትዬ! ሰበታ መስመር ጉድ አሳያችሁን እኮ! በአንድ ቀን እጥፍ! ሰው ገንዘብ ይዟል ማለት ነው። የዛሬውም እንደዚያ ከሆነ ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ አይሱዙ እልክልሻለሁ። ሹፌሩ ማን እንደሆነ ገምቺ? አባትሽ!"

"ጋሽ ዘርሁን፣ ብስኩት እኮ አንድም አልተሸጠ። ለስላሳም..."

"ብስኩቱን ተይው፣ እኔ የማየው ድምሩን ነው!"

ከዚህ በላይ ምን ትበል? ጋሽ ሀሰኖ ከመጋዘኑ በር ላይ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ያይዋታል። በዚያ ሰሞን "መንገድ ሊዘጋ ነው" ብሎ በስልክ ያወራ፣ ከማን ሰማህ ተብሎ ይወሰዳል።

አባቷ ኦቦ ጎበና ጋ ደወለች።

"አካም ኢንተላ ኮ? እንዴት ነሽ ልጄ?"

"አባዬ፣ ነገ እንዳትመጣ። አሞኛል በል።"

"ደህና ነኝ እኮ! ቁልፉን ካስረከብኩ ሌላ ሹፌር ነው የሚይዘው። የጅማ መንገድ እንደሆነ ያውቀኛል" ብሎ ሳቀ።

መንገዱ ያውቅሃል፣ ድንጋዩ ግን አያውቅህም ልትል ነበር። ግን በስልክ ነው።

አሥር ሰዓት ሆነ። መዝገቡ ላይ ያለው ድምር የትናንቱንም በልጧል። ስልኳን አውጥታ ጻፈች፦ "የዛሬ ሽያጭ ዜሮ። የትናንቱ ስህተት ነው። መጋዘን ሙሉ ነው።" ላከችው።

ዘርሁን ወዲያው ደወለ። "በቁጥር ትቀልጃለሽ? ሰኞ ራሴ መጥቼ መጋዘኑን አየዋለሁ! መኪናውን በሌላው መስመር ላለው ለገላን ሱቅ ነው የምሰጠው፣ እነሱ ቢያንስ መቁጠር ያውቃሉ!"

ጋሽ ሀሰኖ ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ያዙ። "ሰኞ መጥቶ የጎደለ መጋዘን ሲያይ ምን ልንለው ነው?"

"እስከ ሰኞ መንገዱ ከተከፈተ እኮ ነው ጋሼ።"

እፎይ ልትል ስትል ግን ሌላ ነገር ወጋት። ገላንስ? አባቷን ከዚህ አውጥታ ወዴት ነው የሰደደችው? ገላን እንደሷ ሽያጭ የምትመዘግብ ሚንሃ የምትባል ልጅ አለች። ደወለችላት።

"ሚንሃ፣ ዛሬ ምን ተሸጠ?"

"አንቺ ደግሞ፣ ሰላምታ የለም እንዴ?"

"በፈጠረሽ ንገሪኝ! ጨው ስንት ወጣ?"

"ቆይ..." ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። "ጨው ሁለት ኪሎ። ክብሪት እንደወትሮው። ምን እንዳለቀብን ታውቂያለሽ? ብስኩት! ለስላሳውንም ጠጥተው ጨረሱት።"

ገላን መንገድ ይዘጋል ብሎ የሚያከማች የለም ማለት ነው፤ ፌኔት እፎይ ብላ ባንኮኒው ላይ ተደፋች። እንደዚያው ሆና አባቷ ጋ ደወለች።

"አባዬ፣ ነገ ብስኩት በደንብ አስጭን እሺ?"

"ምነው፣ ያልነበረ ብስኩት?"

መልስ ሳትሰጠው በሩ ላይ አንድ ሰውዬ ባዶ ማዳበሪያ ይዞ ቆመ።

"ጨው አለ?"

"አልቋል" አለች።