የሽመላዋ ጠባሳ

ኦዲል በሰባ ሦስት ዓመቷ የኔ የምትለው ዘመድ የላትም። ያለቻት አንዲት የጥልፍ መቀስ ናት፤ ስለቷ የሽመላ መንቁር የሆነ፣ ትንሽዬ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ያደገችበት የሙት ልጆች ማሳደጊያ እማሆይ ክሎቲልድ «በአርባ አራት፣ በጦርነቱ፣ በራችን ላይ ስትጣይ ከመጠቅለያሽ የተገኘች ናት፤ የእናትሽ ናት» ብለው ሰጧት። ከዚያ ወዲህ ለመቀሷ ያላዋየችው ምስጢር የለም። ከሽመላዋ ዓይን ሥር ያለውን ጭረት፣ ከእናቴ እጅ ወድቃ ይሆናል እያለች ስትዳብሰው ኖራለች።

እማሆይን ግን አትወዳቸውም ነበር። ምናቸው ይወደዳል! ፊታቸው የማይፈታ፣ የተሰፋ አስፈትተው እንደገና የሚያሰፉ ቁጡ ሴት። ሲሞቱ ለቀብር ቢጠሯት «ጉንፋን ይዞኛል» ብላ ቀረች።

ዘንድሮ ሆዷ አላስችል አላት። መቀሷ የት እንደተሠራች ብታውቅ፣ የእናቷን አገር ፍንጭ ታገኝ ይሆናላ! በአውቶቡስ ወደ መቀስ ሠሪዎቹ ከተማ፣ ወደ ኖዣን ወረደች።

ሽማግሌው መቀስ ሠሪ ፊርማን መቀሷን ጆሯቸው ሥር ከፈት ዘጋ አድርገው አዳመጡ። ከዚያ ሳቁ።

«እሜትዬ፣ ይቺማ የእኛው ቤት ልጅ ናት!»

«በምን አወቁ፣ ሙስዬ ፊርማን?»

«ጠባሳዋን አታዪም? ሽመላዎቹ ሁሉ የሚቀረጹበትን የቅርጽ ማውጫ ብረት በመዶሻ የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ። ያባቴ ጥፊ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል! መቀየሪያ አጥቶ በዚያው ቀጠለ፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት ሁሉ ዓይናቸው ሥር ሰንበር አለባቸው።»

«መቼ ነበር?»

«በሃምሳ አምስት፣ በገና ሰሞን።»

«በአርባ አራት አልነበረችም?»

«ምን ነካሽ! በአርባ አራት እንኳን መቀስ፣ ብረቱስ የት ተገኝቶ!»

ኦዲል ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት በሃምሳ ስድስት ነው። መቀሷ ያኔ ከሱቅ የወጣች አዲስ ነበረች። እናቷ ምንም አልተወችላትም፤ ገዝተው፣ ዋሽተው፣ ምስጋናውን ለማያውቋት ሴት የሰጡት እማሆይ ናቸው። ወይኔ! ስንት ዘመን ሙሉ ሰው ተሳስቼ ስወድ!

በማግስቱ ማሳደጊያው ወደነበረበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት ደወለች። የእማሆይ መቃብር የት እንደሆነ ጠየቀች።

«ዘመድ ነዎት?» አለቻት ጸሐፊዋ።

ኦዲል መቀሷን ጨበጥ አደረገች። «ልጃቸው ነኝ።»

ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ። «አዝናለሁ እመቤቴ፤ የመቃብር ቦታው የኪራይ ዘመን አልቆ የሚያሳድስ ዘመድ ስላልመጣ፣ አፅማቸው አምና ተነሥቶ ከሌሎቹ ጋር የጋራ ጉድጓድ ገብቷል። ማስታወቂያው የመቃብር ስፍራው በር ላይ ሦስት ዓመት ተለጥፎ ነበር።»